የመጀመሪያይቱ መኪና፤ ያገለገለ አውቶሞቢል ስለ መግዛትና ስለ መጠበቅ

አንድ ቤተ ሰብ በዘመኑ ከሚያወጣቸው ታላላቅ ወጪዎች መካከል ከመኖሪያ ቤት ቀጥሎ የሚቈጠረው የመኪና ግዢ ነው። ቤት የሚያሠራ ሰው ዘመዶቹን ያማክራል፤ ግንበኛውን ይጠይቃል፤ ቦታውን ሁለት ሦስት ጊዜ ተመላልሶ ያያል። መኪና የሚገዛው ግን ብዙ ጊዜ ቀለሙን አይቶ፥ በሩን ከፍቶና ዘግቶ፥ የደላላውንም ምስጋና ሰምቶ፥ የብዙ ዓመት ጥሪቱን በአንድ ከሰዓት በኋላ ያስረክባል። ከዚያም በኋላ ደስታው ሳይሰነብት የጋራዥ ደጅ መጥናት ይጀምራል። ይህ እንዳይሆን በዚህ ወር የቤተ ሰብ አስተዳደር ገጻችን ስለ ያገለገለ መኪና አመራረጥና አጠባበቅ ጥቂት ለመናገር ወደድን።

ለዚህ ያነሣሣን ከአንባብያኖቻችን አንዱ የላኩልን ደብዳቤ ነው። እኒህ ወንድማችንና ባለቤታቸው ሁለቱም መምህራን ናቸው፤ ሦስት ልጆች አሏቸው፤ እግራቸውን የሚያማቸው አሮጊት እናታቸውም አብረዋቸው ይኖራሉ። እናቲቱ ሰንበትን ለማስቀደስ ሲሹ በሰው ትከሻ ተደግፈው እስከ ታክሲ መቆሚያ መድረስ እያቃታቸው ስለ ሄደ፥ ባልና ሚስት ዘጠኝ ዓመት ዕቁብ ጥለው ያጠራቀሙትን ገንዘብ ለአንዲት ያገለገለች መኪና ሊያውሉት አስበዋል። መኪናዋ ተገኝታለች። ደላላው ግን «እስከ ቅዳሜ ካልወሰናችሁ ለሌላ ትሸጣለች፤ መካኒክ ማምጣትም አያስፈልግም፤ ባለቤቷ የታወቁ ሰው ናቸው» ይላቸዋል። «ምን እናድርግ?» ሲሉ ጠይቀውናል።

የመጀመሪያው መልሳችን አጭር ነው፤ ቅዳሜ ይለፍ። ምርመራን የማይታገሥ ዕቃ ዋጋው ቢቀንስም ውድ ነው። በከተማው ውስጥ አንዲት መኪና ብቻ የቀረች ይመስል የሚያጣድፍ ሰው፥ ለገዢው የሚያስብለት ጊዜ እንዲኖረው አይፈልግም ማለት ነው። አባቶቻችን የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚሉት ለእህልና ለጤፍ ብቻ አልነበረም። የዘጠኝ ዓመት ድካም ዘጠኝ ቀን ሊታሰብበት ይገባዋል።

የሁለተኛው መልሳችን ዝርዝር ረዘም ያለ ነውና ከሥሩ እንጀምር።

አውቶሞቢል ወደ አገራችን የገባው በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት በ1900 ዓ.ም. ገደማ ነው። ከዚያ ወዲህ በየዘመኑ ቤተ ሰቡ የወደዳቸው መኪኖች ነበሩ፤ ቮልስዋገን፥ ሰይቼንቶ የተባለችው ትንሽዋ ፊያት፥ ከዚያም ላዳና ቶዮታ ዲኤክስ። የጋራዡ ቋንቋ ራሱ ታሪክ ይነግረናል፤ ፍሬን፥ ፍሪሲዮን፥ ካምቢዮ፥ ካንዴላ፥ ስፖኪዮ፥ ፍሬቻ፥ ማርሚታ፥ ጎሚስታ የምንላቸው ሁሉ ከኢጣልያንኛ የወረስናቸው ናቸው። አዲስ ገዢ እነዚህን ቃላት ከነትርጉማቸው ቢያጠና መልካም ነው፤ ምን እንደ ተበላሸ ሲነግሩት የሚያውቅ ሰው፥ ያልተበላሸውን አስጠግኖ ገንዘብ አይከፍልምና።

ዛሬ ያገለገለ መኪና መግዛት ከቀድሞው ይልቅ ጥንቃቄ የሚጠይቅበት ምክንያት አለ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ዕድሜያቸው በገፋ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ወሰነ። በዚህም የተነሣ ቀድሞ የገቡት የቤንዚን መኪኖች ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፉ፥ ዕድሜያቸው እየጨመረ፥ ዋጋቸው ግን እንደ ዕድሜያቸው ሳይወርድ ይሸጣሉ። እንግዲህ የምንገዛው መኪና ብዙ ጌቶችን ያገለገለ ነው። ከእነዚያ ጌቶች አንዱ ዘይቱን ሳይለውጥ ሁለት ዓመት የነዳው እንደ ሆነ፥ ዕዳውን የሚከፍለው የመጨረሻው ገዢ ነው።

ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሞ ባልና ሚስት አብረው ተቀምጠው ሂሳብ ያድርጉ። ግንብ ለመሥራት አስቦ ወጪውን ሳያሰላ ጀምሮ መጨረስ ስላቃተው ሰው በወንጌል የተነገረውን ምሳሌ ሁላችን እናውቀዋለን። የመኪና ወጪ የመግዣው ዋጋ ብቻ አይደለም። የስም ማዛወሪያ ክፍያና የቴምብር ቀረጥ አለ፤ በሕግ መሠረት ማንኛውም ተሽከርካሪ ሊኖረው የሚገባው የሦስተኛ ወገን መድን አለ፤ በየዓመቱ የቴክኒክ ምርመራና ቦሎ አለ፤ ቤንዚን፥ ዘይት፥ ጎማና ባትሪ አለ። እኛ የምንመክረው፥ ለመኪና ከተመደበው ገንዘብ አራቱን እጅ ብቻ ለመግዣ አውሎ አምስተኛውን እጅ ለመጀመሪያው ዓመት ጥገናና ክፍያ ማስቀመጥ ነው። ያላቸውን እስከ መጨረሻይቱ ብር ለሻጭ የሰጡ ሰዎች፥ በሁለተኛው ወር የፍሬን ሸራ ሲያልቅ በአለቀ ፍሬን ልጆቻቸውን ይዘው ይነዳሉ። ከዚህ ይልቅ በዋጋ ዝቅ ያለችውን፥ በጤንነት ግን የተሻለችውን መምረጥ ይሻላል። የልጆች የትምህርት ቤት ክፍያና ለክፉ ቀን የተቀመጠው ገንዘብም በምንም ምክንያት ወደ መኪና አይግባ።

ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ የትኛዋን መኪና የሚለው ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚገዛ ሰው ጎረቤት ያላየውን ዓይነት ለመያዝ አይመኝ። ብዙ ሰው የሚነዳትን፥ ማንኛውም መካኒክ ዐይኑን ጨፍኖ የሚፈታትን፥ መለዋወጫዋ በመርካቶ ሶማሌ ተራም ሆነ በክፍለ ሀገር ከተማ የሚገኘውን ይምረጥ። ቶዮታ ኮሮላ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ከ1966 ጀምሮ ስትሠራ የኖረች መኪና ናት፤ እርሷና ትናንሾቹ ቪትዝና ያሪስ በአገራችን የተወደዱት ለውበታቸው ሳይሆን ለዚህ ጠባያቸው ነው። ትንሽ ሞተር ያላት መኪና ቤንዚን ትቈጥባለች፤ ነገር ግን አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የምትገኝ በመሆኗ አየሩ ስስ ነው፤ ተርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተር በዚህ ከፍታ ከኃይሉ ከአምስት እጅ አንዱን ያህል ያጣል። አምስት ሰው ጭኖ እንጦጦን ለመውጣት የሚያስብ ቤተ ሰብ ይህን አስቀድሞ ያስብበት። ከጃፓን መጥተው መሪያቸው ከቀኝ ወደ ግራ የዞሩትንም በተለየ ጥንቃቄ መመርመር ይገባል፤ መሪ የማዞር ሥራ በጥሩ ባለሙያ ካልተሠራ በፍሬንና በመሪው ላይ አደጋ ያስከትላልና።

መኪናዋ ስትገኝ በመጀመሪያ የሚታየው ሞተሩ ሳይሆን ወረቀቱ ነው። የሊብሬው ባለቤትና ሻጩ አንድ ሰው መሆናቸው፥ በሊብሬው የተጻፉት የሻንሲና የሞተር ቊጥሮች በመኪናዋ አካል ላይ ከተቀረጹት ጋር ፊደል በፊደል መግጠማቸው፥ የባንክ ዕዳ፥ የፍርድ ቤት እገዳ ወይም ያልተከፈለ የትራፊክ ቅጣት አለመኖሩ ከመዝጋቢው መሥሪያ ቤት ይጣራ። የጋራ ሀብት ከሆነች ባልም ሚስትም መስማማታቸው ይረጋገጥ። ውሉ በሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ ዘንድ ይፈረም፤ ስሙም ሳይውል ሳያድር ይዛወር። የስም ማዛወሪያውን ክፍያ ለማዳን ብለው በውክልና ብቻ መኪና የሚገዙ ሰዎች ጥቂቶች አይደሉም። በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ እንደሚለው ግን ወካዩ ሲሞት ውክልናው በመሠረቱ ይቀራል፤ በሕይወት ሳለም ሊሽረው ይችላል። እንዲህ ያለው ነገር በደረሰ ጊዜ የገዢው ቤተ ሰብ ገንዘብ ከፍሎ የገዛትን መኪና ከወራሾች ጋር ሲካሰስ ይኖራል።

ከወረቀቱ በኋላ መኪናዋን በጠራ የቀን ብርሃን እንይ። ዝናብ እየዘነበ፥ ወይም ከላቫጆ ወጥታ ውሃዋ ሳይደርቅ የታየች መኪና ሁሉ አዲስ ትመስላለች። ከአንድ ጫፍ ጐንበስ ብለን በጐኗ ስንመለከት ቀለሙ በአንዳንድ ቦታ የተለየ፥ ወይም ጐኗ እንደ ውሃ ሞገድ የሚታጠፍ ከሆነ፥ የባትላሜራ እጅ ገብቷታል። ትንሽ ማግኔት በስስ ጨርቅ ጠቅልለን በበሮቹና በመከላከያዎቹ አጠገብ ብናስጠጋ፥ በብረቱ ላይ ይጣበቃል፤ ወፍራም ስቱኮ ባለበት ግን ይወድቃል። ትንሽ መፋቅ ነውር አይደለም፤ በከተማ የኖረች መኪና ሁሉ ተፍቃለች። ሻንሲዋ ተጣሞ የተቃና ከሆነ ግን ያችን መኪና እንተዋት።

የኪሎ ሜትር መቍጠሪያውን ቍጥር እንደ እውነት አንቀበል፤ ወደ ኋላ መመለስ የሚያውቁ እጆች አሉና። ይልቅስ የማይዋሹትን ምስክሮች እንጠይቅ። የፍሪሲዮንና የፍሬን መርገጫ ላስቲክ አልቆ፥ የመሪው ቆዳ ተፍቆ፥ የሾፌሩ ወንበር ጠልቆ ሳለ መቍጠሪያው 60,000 ኪሎ ሜትር ቢል፥ ከሁለቱ አንዱ ሐሰተኛ ነው። ጎማዎቹም ይመረመሩ። በጎማው ጐን ከተጻፉት መካከል የመጨረሻዎቹ አራት አኃዞች የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ያመለክታሉ፤ 2319 የሚል ቢገኝ በአውሮፓውያን 2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው ማለት ነው። ጥርሱ ያላለቀ ጎማ ቢሆንም እንኳ ላስቲኩ አርጅቶ የተሰነጣጠቀ ከሆነ በሩቅ መንገድ አይታመንም። በአንድ ጐኑ ብቻ ያለቀ ጎማ ደግሞ የመሪው ወይም የእግሩ ብረቶች እንዳልተስተካከሉ ይናገራል።

ሞተሩን የምናስነሣው ቀዝቃዛ ሳለ ነው። ሻጩን አስቀድመን «ሳያሞቋት እንድናገኛት ይሁን» ብለን እንለምን፤ በደረስን ጊዜ ኮፈኑ ሞቆ ከተገኘ ምክንያቱን እንጠይቅ፤ የሚደበቀው ሕመም ሁሉ በቀዝቃዛ ጊዜ ይታያልና። ከማስነሣታችን በፊት የዘይቱን መለኪያ ዘንግ እናውጣ፤ የዘይቱንም መክደኛ እንክፈት። በመክደኛው ሥር እንደ ወተት አረፋ ያለ ነገር ብዙ ሆኖ ከተገኘ ውሃ ከዘይት ጋር ተቀላቅሎ ይሆናል፤ ይህም በቴስታታው ሥር ያለው ጋስኬት እንደ ተቃጠለ ከሚያመለክቱት ምልክቶች አንዱ ነው። ከተነሣች በኋላ አንድ ሰው በማርሚታው በኩል ቆሞ ጢሱን ይመልከት። ሰማያዊ ጢስ ዘይት እንደሚቃጠል፥ ጥቁር ጢስ ቤንዚን በዝቶ እንደሚገባ፥ ከሞቀች በኋላም የማያቋርጥ ነጭ ጢስ የራዲያተር ውሃ ወደ ሞተሩ እንደሚገባ ይናገራል። በማለዳ ብርድ ለጥቂት ደቂቃ የሚታየው እንፋሎት ግን አያስደንግጥ።

ከዚያም እንንዳት፤ መንጃ ፈቃድ ገና ያላወጣ ገዢ ከሆነም የሚያምነውን ሾፌር ይዞ ይሂድ። አስፋልቱንም ኮረኮንቹንም፥ ዳገቱንም ቍልቍለቱንም ትቅመስ። ሬድዮው ይዘጋ፤ የሻጩም ወሬ ለጊዜው ይብቃ፤ የሚሰማው የመኪናዋ ድምፅ ይሁን። ፍሬን ሲያዝ ወደ አንድ ወገን ትስባለችን? ማርሽ ሲገባ ታንገራግራለችን? ዳገት ላይ ሞተሩ እየጮኸ መኪናዋ ካልፈጠነች የፍሪሲዮኑ ሸራ አልቋል። በጐድጓዳ ላይ የሚንኳኳ ድምፅ ካለ አሞርዛተሩ ወይም የእግሩ ብረቶች ደክመዋል። መሪው ቢለቀቅ ቀጥ ብላ ትሄዳለችን? ስንመለስ ሞተሩ ሳይጠፋ ጥቂት ትቁም፤ የሙቀት መለኪያው ከመካከል ወደ ላይ ከወጣ መኪናዋ ታማለች። ከቆመችበትም ስትነሣ መሬቱ ላይ የዘይት ወይም የውሃ ጠብታ መኖሩን እንይ።

ይህ ሁሉ ከተደረገ በኋላ የመጨረሻው ምርመራ የመካኒክ ነው። መካኒኩ ገዢው ራሱ የመረጠው ይሁን እንጂ ሻጩ ወይም ደላላው ያቀረበው አይሁን፤ ክፍያውም መኪናዋ ተገዛችም ቀረችም የሚከፈል ይሁን። ስትገዛ ብቻ የሚከፈለው መካኒክ፥ እንዲገዙ መምከሩ አይቀርም። ለእኒህ ለመምህሩ ወንድማችን የምንመልሰውም ይኸው ነው፤ ባለቤቷ የታወቁ ሰው መሆናቸው መልካም ነው፤ የታወቀ ሰው መኪናውን ለማስመርመር አይፈራም። እምቢ ካሉ ግን ምስጋና አቅርቦ መሄድ ነው። እናታችንን ጥቂት ወራት በኮንትራት ታክሲ ማስቀደስ፥ ዘጠኝ ዓመት ከተጣለ ዕቁብ ጋር ሲነጻጸር ቀላል ወጪ ነው።

በዚህ አጋጣሚ ለሻጮችም አንድ ቃል አለን፤ ከአንባብያኖቻችን ብዙዎች ዛሬ ገዢዎች ቢሆኑም ነገ ሻጮች ናቸውና። ጉድለትን ደብቆ መሸጥ በገበያ እንደ ብልኀት ይቈጠራል፤ ሁለት ዓይነት ሚዛን መያዝ ግን በእግዚአብሔር ፊት የተጠላ መሆኑን ከሕፃንነታችን ጀምሮ ተምረናል። የሚንሸራተተውን ፍሬን ደብቆ የሸጠ ሰው ገንዘብ ብቻ አልሰረቀም፤ የማያውቃቸውን ሕፃናት ሕይወት በዋጋው ውስጥ ጨምሮ ሸጧል። ሕጉም ቢሆን ሻጭ ለተደበቀ ጉድለት የሚጠየቅበትን ሁኔታ ደንግጓል። ጉድለቱን ተናግሮ ዋጋውን ዝቅ የሚያደርግ ሻጭ በዚያ ቀን ጥቂት ብር ይጎድልበት ይሆናል፤ ሌሊቱን ግን በሰላም ይተኛል።

አሁን መኪናዋ ተገዝታ በደጅ ቆማለች እንበል። ከዚህ በኋላ ያለው ነገር የገዢው ጠባይ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ቀድሞ የነበረው ሰው ምን እንዳደረገ ስለማይታወቅ የሞተሩ ዘይትና የዘይቱ ፊልትሮ፥ የአየሩ ፊልትሮ፥ የፍሬኑ ዘይትና የራዲያተሩ ውሃ ይለወጡ። መኪናዋ የጊዜ ቺንጋ ያላት እንደ ሆነና መቼ እንደ ተለወጠ ማስረጃ ካልተገኘ፥ እርሱም ይለወጥ። ይህ ቺንጋ በብዙ መኪኖች በየ100,000 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚለወጥ ሲሆን፥ መንገድ ላይ ቢበጠስ በአንዳንድ ሞተሮች ውስጥ ቫልቮቹን አጣሞ ሞተሩን ያበላሻል። ከአውሮፓውያን 2000 ወዲህ የተሠሩት አብዛኞቹ ትናንሽ የቶዮታ የቤንዚን ሞተሮች በቺንጋው ፈንታ ሰንሰለት አላቸው፤ ሰንሰለቱ ዕድሜው ረጅም ነው፤ ዘይት በጊዜው ካልተለወጠለት ግን እርሱም ይላላል።

ከዚያ ወዲህ አንድ ደብተር ተገዝቶ በመኪናዋ መሳቢያ ይቀመጥ። በዚያ ደብተር ቀኑ፥ ኪሎ ሜትሩ፥ የተሠራው ሥራ፥ የተለወጠው ዕቃና የተከፈለው ገንዘብ ይጻፍ። ይህን ሥራ በቤት ውስጥ ካሉት ልጆች ለታላቁ ወይም ለታላቂቱ ብንሰጠው፥ መኪናዋም ትጠበቃለች፤ ልጁም የሂሳብ አያያዝ ይማራል። መኪናዋን ለመሸጥ ባሰብን ጊዜም ይህ ደብተር ከደላላ ምስጋና ይልቅ ይመሰክርልናል።

በየሳምንቱ፥ ለምሳሌ ቅዳሜ ማለዳ፥ መኪናዋ ሳትነሣ ዐሥር ደቂቃ ይበቃል፤ ዘይቱን በመለኪያው ማየት፥ የራዲያተሩን ውሃና የፍሬኑን ዘይት መጠን መመልከት፥ ጎማዎቹን ስኮርታውን ጨምሮ መፈተሽ፥ መብራቶቹንና ፍሬቻዎቹን ማብራት። ዘይት በየ5,000 ኪሎ ሜትር ቢለወጥ፥ በአቧራ መንገድ የሚውል ደግሞ ከዚያም ቀደም ቢያደርግ፥ ሞተሩ ዕድሜ ያገኛል። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት የመሳብ ጠባይ ስላለው በየሁለት ዓመቱ ይለወጣል፤ ውሃ የገባበት ዘይት በሙቀት ጊዜ ፈልቶ ፍሬኑን ያላላል። ራዲያተር ላይ የቧንቧ ውሃ ብቻ መጨመር በአገራችን የተለመደ ነው፤ ውሃው ግን ውስጡን ያዝገዋል። በተጨማሪም በአዲስ አበባ ከፍታ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ስለዚህ ለራዲያተር የተሠራውን ፈሳሽ መጠቀምና ግፊቱን የሚይዘው መክደኛ ደኅና መሆኑን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። የሞቀ ራዲያተር መክደኛ ፈጽሞ አይከፈት፤ የሚፈላው ውሃ ፊትና ዐይን ያቃጥላል።

ወደ ክፍለ ሀገር ለሚጓዙ ቤተ ሰቦች የቍልቍለት ነገር ተለይቶ መነገር አለበት። ከጎሃ ጽዮን ወደ ዐባይ በረሃ የሚወርደው መንገድ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቍልቍል ነው፤ በጣርማ በር በኩል ወደ ደብረ ሲና የሚወርደውም እንዲሁ ያስፈራል። በእነዚህ መንገዶች እግሩን ከፍሬን ሳያነሣ የሚወርድ ሾፌር ፍሬኑን ያግለዋል፤ የጋለ ፍሬን ደግሞ አይዝም። መውረድ የሚገባው በዝቅተኛ ማርሽ፥ ሞተሩ ራሱ እንዲይዝ በማድረግ፥ ፍሬኑንም በየጊዜው አጥብቆ ይዞ መልሶ በመልቀቅ ነው። ቤንዚን ለመቈጠብ ብሎ ማርሹን ነጻ አድርጎ መውረድ ነፍስን በጥቂት ሳንቲም መሸጥ ነው።

በኤሌክትሪክ ስለሚሠሩት መኪኖችም አንባብያን ይጠይቁናል፤ አሁን በከተማችን ብዙዎች ይታያሉና። እነዚህ ዘይት፥ ካንዴላና ማርሚታ የላቸውም፤ የዕለት ወጪያቸውም ያነሰ ነው። ነገር ግን የመኪናው ዋና ሀብት ባትሪው ነው። ያገለገለ የኤሌክትሪክ መኪና የሚገዛ ሰው ባትሪው ከመጀመሪያው አቅሙ ምን ያህል እንደ ቀረው በመመርመሪያ መሣሪያ ያስለካ፤ የኃይል መሙያው ገመድና መሣሪያ አብሮ መኖሩን ይይ፤ በቤቱ ያለው የመብራት መስመር ጭነቱን መቻሉን በባለሙያ ያስጠይቅ፤ ዓይነቱን የሚጠግን ጋራዥ መኖሩንም ሳያረጋግጥ አይግዛ።

በመጨረሻ ስለ መንፈሳዊው ጉዳይ ጥቂት እንበል። ምእመናን አዲስ የገዙትን መኪና ወደ ቤተ ክርስቲያን ወስደው ካህን ጸሎት እንዲያደርሱላትና ጠበል እንዲረጩላት ማድረጋቸው መልካም ልማድ ነው፤ የምንጠቀምበት ሁሉ ከእግዚአብሔር የተሰጠ መሆኑን ያስታውሰናል። ይሁን እንጂ በመስታወቱ ላይ የቅዱሳንን ሥዕል ለጥፈን፥ በአለቀ ጎማና በደከመ ፍሬን በፍጥነት ብንነዳ፥ ይህ እምነት ሳይሆን እግዚአብሔርን መፈታተን ነው። ሥዕሉም ቢሆን የሾፌሩን ዕይታ በማይጋርድበት ስፍራ ይሁን። የደኅንነት ቀበቶ ከፊትም ከኋላም ይታሰር፤ ሕፃን በፊት ወንበር በእናቱ ጭን ላይ አይቀመጥ፤ ፍቅር ስላላት ብቻ እናት በግጭት ጊዜ ልጇን በክንዷ ልትይዘው አትችልምና።

መኪና በአንድ ቤት ደጅ ስትቆም የሰፈሩ ዐይን ሁሉ ያርፍባታል። ሌሊት ምጥ የያዛት ጎረቤት ትጠራናለች፤ የዕድርተኛ ለቅሶ ይመጣል፤ ማስቀደስ ያቃታቸው ሽማግሌ በደጅ ይጠብቁናል። ይህን እንደ ሸክም አንቍጠረው። ጤነኛ መኪና ያለው ሰው በእኩለ ሌሊት ሲጠራ ያለ ሥጋት ቁልፉን ያነሣል፤ ያልተጠበቀች መኪና ያለው ግን በዚያች ሰዓት ባትሪው ሞቶበት መኪና ገፊ ይፈልጋል። እንግዲህ በቅዳሜ ማለዳ ለዘይትና ለውሃ የምንሰጠው ዐሥር ደቂቃ ለራሳችን ብቻ የሚውል አይደለም። መንገዳችሁን እግዚአብሔር ያቅናላችሁ።